የመግነጢስ ትምህርት አቀራረብ፦ የተዘነጋው የእንቅስቃሴና የመርገብ ጉዳይ

መግነጢስን በሚመለከት በየክፍሉ የተለመደው አቀራረብ የታወቀ ነው። መምህሩ በብረት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መግነጢሶች በአንድ አቅጣጫ መሰለፋቸውን በሰሌዳ ላይ በቀስት ያመለክታል፤ ተማሪውም ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት በመግነጢስ እንደሚሳቡ፣ አሉሚኒየምና መዳብ ግን እንደማይሳቡ በቃሉ ያጠናል። ይህ አቀራረብ ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቅም አይካድም። ዳሩ ግን ሥዕሉ የቆመ ነው፤ በውስጡ የሚካሄደውን እንቅስቃሴ አያሳይም።

ፊሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዳስረዳው፣ ሙቀት የጥቃቅኖቹን መግነጢሶች ሰልፍ ያናውጣል፤ ንውጽውጽታውም ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው እንደ ሞገድ ይተላለፋል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰልፉ እየላላ ሄዶ፣ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፈጽሞ ይፈርሳል። የተነሣ ሞገድ ግን እንደተነሣ አይኖርም። በብረታ ብረት ውስጥ እንደ ልብ የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ጉልበቱን እየተሻሙ ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት ይረግባል። ይህን መርገብ ላንዳውና ሊፍሺትዝ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጊልበርትም በ1955 በሒሳብ ቀመር ገልጸውታል።

ቀመሩ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አያስፈልገውም ቢባል ስሕተት አይሆንም። ስሕተቱ ከቀመሩ ጋር ፍሬ ነገሩን መተው ነው። ባለ ዝርግ ክብ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ለዚህ ምስክር ነው። በውስጡ የሚሽከረከረው የአሉሚኒየም ክብ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን የሚገታው አጠገቡ የተተከለ መግነጢስ ነው። ክቡ ሲዞር በውስጡ አዙሪት ኮረንቲ ይፈጠራል፤ ኮረንቲውም እንቅስቃሴውን ይቃወማል። “አሉሚኒየም ከመግነጢስ ጋር ግንኙነት የለውም” ብሎ ያጠና ተማሪ ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ ፈተናውን ግን ያልፋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በጥቃትና በቃጠሎ ከፍተኛ ጉዳት የደረሰባት ከተማ ናት። እንደዚህ ባለ ሥፍራ ቤተ ሙከራ እስኪሟላ ይጠበቅ ማለት ትምህርቱን ማዘግየት ነው። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ መግነጢስ በክር ተንጠልጥሎ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ቢወዛወዝ፣ እስኪቆም ድረስ ውዝዋዜውን መቁጠር ይቻላል። ቀጥሎ ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት በግርጌው ተደፍቶ፣ መግነጢሱ ሳይነካው ተጠግቶ እንደገና ቢወዛወዝ፣ ቁጥሩ ያንሳል። አየሩና ክሩ በሁለቱም ጊዜ አንድ ስለሆኑ፣ ልዩነቱን ያመጣው ድስቱ መሆኑን ተማሪው ራሱ ይደርስበታል።

ሌላም ጉድለት አለ። በለንደን በነፃ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ ወደ ምድር 66 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የመግነጢስ ምድር ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በአጣዬ መርፌው አግድም ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1958) ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ የኖረውም በዚህ ልዩ ሥፍራ ነው። ሆኖም የውጭ አገር ሥዕል ሳይመረመር ሲገለበጥ፣ ተማሪው በአገሩ የሚታየውን ትቶ በሩቅ ያለውን ያጠናል።

ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ምዕራፉን ሲያሻሽሉ የቆመውን ሥዕል ከመወዛወዝና ከመርገብ ጋር ሊያያይዙት፣ ፈተና አውጪዎችም “የሚሳበው የትኛው ነው?” ከማለት አልፈው “ለምን ቶሎ ቆመ?” ብለው ሊጠይቁ ይገባል። ድስቱ በየቤቱ አለ፤ የጎደለው ጥያቄው ነው።