አንጓ ቆጣሪዎቹ

አሶሳ ዙሪያ የሚበቅለው ሽመል የተባለው የቆላ ቀርከሃ፣ በተለይ ከግርጌው፣ ውስጡ ድፍን ነው። የእንጅባራው የደጋ ቀርከሃ ግን ባዶ ቱቦ ስለሆነ ቢላ ሲያርፍበት ቶሎ ይሰነጠቃል። ድፍኑ ይታገላል፤ ስለዚህ የቆላው ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ብዙ ማየት አለበት። እኔን የሚማርከኝ ይህ እይታ ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ዕድሜውን ነው። የዘንድሮው ለጋ ልባሱን ገና አላወለቀም፤ ነጭ ብናኝም አለበት። 3 ዓመት የሞላው አረንጓዴው ደብዝዞ፣ ሽበት ጣል ጣል ይልበታል። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም አይምረውም።

ከዚያ ወደ አንጓው ይመጣል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት አንጓ ሁለት ቀለበት አለው፤ የታችኛው ልባሱ የነበረበት ጠባሳ ሲሆን የላይኛው ራሱ እብጠቱ ነው። እንቡጡ እዚያው ይቀመጣል፤ አንዱ በግራ ከሆነ የሚቀጥለው በቀኝ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ እስከ ጫፍ ይወጣል። ጥሩ ባለሙያ ግንዱን በእጁ እያዞረ ሁለቱን የእንቡጥ መስመሮች ይፈልጋል፤ ቢላውን የሚያሳርፈው በመካከላቸው ነው። እንቡጡን ቢያገኘው ጭረቱ ይጣመማል፣ ስንጥሩም እዚያ ላይ ይሰበራል።

ባለሙያው አንጓዎቹን እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ሕንድና ኔፓል ውስጥ ለጸሎት መቁጠሪያ የሚሆነውን ሩድራክሻ የሚመርጡ ሰዎችም በፍሬው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርዱትን መስመሮች ይቆጥራሉ። ብዙ መስመር ያለው ብርቅና ውድ ስለሆነ በቢላ መስመር የሚጨምሩ አስመሳዮች አሉ፤ የተፈጥሮው መስመር ግን ሳይቋረጥ ይዘልቃል። አሶሳ ውስጥ አንጓ የሚያስመስል የለም። ቆጠራው ለሥራው ነው፦ ከግርጌ አንጓዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ለወንበር እግር፣ ከመሐል የተራራቁ ስለሆኑ ለረጅም ስንጥር ይሆናሉ።

የአራቱ እግሮች አንጓ በእኩል ከፍታ ላይ የተገናኘበት በርጩማ ካያችሁ፣ ሠሪው ብዙ ግንድ አገላብጦ እንደመረጠ እወቁ። እንዲህ ያለው ሥራ ቀለም ሲቀባ ያሳዝነኛል፤ የባለሙያው ምርጫ የሚታየው አንጓው ላይ ነውና። ስትገዙ ቀለም ያልነካውን ምረጡ፤ አውራ ጣታችሁንም በአንጓው ላይ አሳልፉ። ቢላው ቀለበቱን ሳይጎዳ ሸካራውን ብቻ ካነሳ፣ የተጠየቃችሁትን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ።