ፕላዝማው ለምን አይሰማም ነበር?

«መስተጋብራዊ» የምትለዋ ቃል ረክሳለች። ትልቅ ስክሪን የሚሸጠውም ይላታል፣ የስልክ አፕ የሚሠራውም ይላታል፣ ሠልጣኞችን አዳራሽ ሰብስቦ ቪዲዮ የሚያሳየውም ይላታል። እኔ አንዲት ቀላል መፈተኛ አለችኝ፦ ተማሪው ሲሳሳት መሣሪያው ምን ያደርጋል? ምንም የማያደርግ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ቴሌቪዥን ነው።

እኛ ምሕንድስና የተማርን ሰዎች ይህን ልዩነት «ክፍት ዙር» እና «ዝግ ዙር» እንለዋለን። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ እናቶቻችን ምጣድ ላይ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። ምጣዱን ጥዶ፣ ሰዓት አይቶ፣ «አሥር ደቂቃ ሞልቷል» ብሎ ሊጥ ማፍሰስ ክፍት ዙር ነው፤ ምጣዱ ይጋል አይጋል ማንም አላየም። ልምድ ያላት ሴት ግን ምጣዱን አስሳ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጋ ታያለች። ካልጋለ ትጠብቃለች፣ ከልክ በላይ ከጋለ እሳቱን ትቀንሳለች፣ ከዚያ እንደገና ታያለች። ያየችው ነገር ቀጥሎ የምታደርገውን ይለውጠዋል። ይኸ ተመልሶ የሚመጣ መረጃ ግብረ መልስ ይባላል፤ ዙሩን የሚዘጋው እሱ ነው።

እስኪ በዚህ መፈተኛ የአገራችንን ትልቁን የመልቲሚዲያ ትምህርት ሙከራ እንየው። ፕላዝማን ማለቴ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ 2004) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጩ ነበር። ሐሳቡን አልንቀውም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ውጫሌ ያለ ተማሪና ቦሌ ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ማየታቸውም እንደ ፍትሕ ያስደስታል።

ግን ዙሩ ክፍት ነበር። በስክሪኑ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይነግርና ያልፋል። ሐይቅ ከተማ ያለው ክፍል ገና ጥያቄውን እየገለበጠ እንደሆነ በምን ይወቅ? ሳተላይቱ የሚያወርድ እንጂ ከክፍሉ የሚቀበል አልነበረም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፣ በዚያው አለፈ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ዕጣ ነው። ከስርጭቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከስርጭቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው፤ በመካከል ግን «ቆይ፣ እዚህ ላይ አልገባቸውም» ብሎ ማቆም አይችልም። ተማሪው ፊቱን ሲያጨማድድ የሚያየው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ማቆሚያ ቁልፍ አልነበረውም።

ማቆም ይህን ያህል ዋጋ አለው ወይ ትሉ ይሆናል። ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር በ2001 (በፈረንጆቹ) ያሳተሙት ጥናት እዚህ ይጠቅመናል። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የምታስረዳ 140 ሰከንድ የምትፈጅ አኒሜሽን ነበረቻቸው። ለአንዱ ቡድን ሳትቋረጥ አሳዩ። ለሌላው በ16 ቁራጭ ከፍለው፣ ተማሪው ራሱ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ወደሚቀጥለው እንዲሄድ አደረጉ። ሥዕሉም ድምፁም ያው ነው። ሆኖም በየቁራጩ ያቆሙት ተማሪዎች የተማሩትን ወደ አዲስ ጥያቄ በማሻገር በለጡ። እንግዲህ ይህ 140 ሰከንድ ነው፤ ያውም በራሳቸው ቋንቋ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ የሚነገር የግማሽ ሰዓት ፊዚክስስ?

ዝግ ዙር ለኛ አገር አዲስ የፈረንጅ ፈጠራ የሚመስለው ካለ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይሂድ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤቱን ያደራጁበት ገዳም ነው። የአብነት ትምህርት አሠራር የታወቀ ነው፦ ተማሪው ቀለሙን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ ቃሉን ወይም ዜማውን ከሳተ እዚያው ይታረማል፣ ሳያስተካክል ወደሚቀጥለው አያልፍም። ፈጣኑ ይገሰግሳል፣ ዘገምተኛው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ የበሰለው ጀማሪውን ያስቀጽላል። የዛሬ የትምህርት ሶፍትዌር ሻጮች «ለእያንዳንዱ ተማሪ የተመጠነ» እያሉ የሚያስተዋውቁት ይህንን ነው። ድክመትም አላጣውም፣ በቃል መያዙ ከመመርመሩ ይበዛል፣ አንድ የኔታ ደግሞ ለ60 ተማሪ ክፍል አይዳረስም። ግን ዙሩ ዝግ ነው፣ ዋናውም እሱ ነው።

ከሥራ ቦታ ሥልጠና ደግሞ የበረራ ሲሙሌተርን ውሰዱ። ኤድዊን ሊንክ የመጀመሪያውን በ1929 (በፈረንጆቹ) ሲሠራ ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ የለመደውን ወናፍና የአየር ቧንቧ ነው የተጠቀመው። ዛሬ አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ሙሉ እንቅስቃሴ ያላቸው ሲሙሌተሮች አሉት። አብራሪው መሪውን አለቦታው ቢስብ አውሮፕላኑ አለቦታው ይሄዳል፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ከኋላ የተቀመጠውን አሠልጣኝ ነው። ሞተር የሚያጠፋውም፣ ጉም የሚያመጣውም፣ «እዚህ ላይ እናቁም» ብሎ በረራውን አየር ላይ ቀጥ የሚያደርገውም እሱ ነው። ይህ ውድ የማስተማሪያ መሣሪያ መምህሩን አላስወጣም፤ ጭራሽ ማቆሚያውን ሰጠው።

እንዲህ ሲባል ሲሙሌተር ለሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም። ከሐይቅ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ፣ የልብስ ስፌት ሠልጣኝ አስቡ። መኪናው እዚያው አለ፣ ስሕተቱ የሚያስከፍለው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ ጣት የሚማረውን ደግሞ ስክሪን አያስተምረውም። ለዚህ ሥራ ምናባዊ መኪና መግዛት ብር ማባከን ይመስለኛል። ሲሙሌሽን የሚያዋጣው ስሕተቱ ውድ ሲሆን፣ አደገኛ ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በዓይን የማይታይ ሲሆን ነው።

ኤሌክትሮን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ፌት የሚባለው የሲሙሌሽን ስብስብ በተለይ ለሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ትልቅ ስጦታ ነው። በ2002 (በፈረንጆቹ) የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው፤ በነፃ ይገኛል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቀበሌ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመካከላቸው የኤሌክትሪክ ዑደት መሥሪያዋን እወዳታለሁ። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ ትሰጣችኋለች፤ ትእዛዝ አትሰጥም። ስታገናኙ ሰማያዊ ኤሌክትሮኖች ሽቦው ውስጥ ሲጓዙ ታያላችሁ። ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ብትጨምሩ ሁለቱም ይደበዝዛሉ፤ ኤሌክትሮኖቹም ይዘገያሉ። «የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ይጨርሰዋል» ብሎ የሚያስብ ተማሪ (ብዙው እንዲያ ነው የሚያስበው) ከአምፖሉ በፊትም በኋላም እኩል ሲፈስ ሲያይ ይደነግጣል። ኖህ ፊንከልስታይንና ባልደረቦቹ በ2005 (በፈረንጆቹ) ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህች ሲሙሌሽን የተለማመዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእውነተኛ ዕቃ ከተለማመዱት ይልቅ፣ በኋላ እውነተኛውን ዑደት ሠርቶ በማስረዳት ተሽለው ተገኝተዋል።

ግን ቅር የሚለኝም አለ። እዚያ ውስጥ ሽቦ አይላላም። ሶኬቱ ካልተመታ ራዲዮው በማይናገርበት ቤት ያደገ ልጅ ኤሌክትሪክን የሚያውቀው በላላ ሽቦ ነው፤ ሲሙሌሽኗ ይህን ዕውቀቱን አትጠይቀውም። ባትሪውን አጉል ካገናኛችሁት ይነድዳል፣ ታነሱታላችሁ፣ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላላችሁ። እሳቱ ጨዋታ ይሆናል። ከዚያም በላይ ያደረጋችሁትን ታያለች እንጂ ያሰባችሁትን አታውቅም። በአጋጣሚ አምፖሉ ቢበራ በአጋጣሚም በዕውቀትም ለሷ አንድ ነው። «ለምን በራ?» የሚል ሰው ያስፈልጋታል። መምህሩ በአንድ ፕሮጀክተር ለ60 ተማሪ ብቻውን እየነካካ ካሳያትማ ያው ፕላዝማ ሆነች። ማውሱ ተማሪው እጅ ሲገባ፣ መምህሩም «ሳትነካው በፊት ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ሲል ነው መስተጋብር የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ለሐይቅና ለአምባሰል ዛሬ ለምን ይገድዳል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጥተዋል። ለጠፋው ምትክ ሲገዛ ስክሪን ይግዛ ወይስ የተማሪ እጅ የሚነካው ነገር የሚለው ጥያቄ የብር ጥያቄ ነው። በዚያው በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ኮምፒውተርን መጀመሪያ የሚያገኘው በፈታኝነት ከሆነ በጣም ያሳዝናል። ፈታኝ ማሽን ስሕተትን ይቆጥራል እንጂ አያርምም።

ለአካባቢው ተማሪ ቢሠራ ደስ የሚለኝ ሲሙሌሽን የራሱ የሐይቅ ሐይቅ ነው። 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተነባብሮ ይቀመጣል፤ ታች ኦክስጅን ያንሳል። ነፋሱን የምታበረቱበት፣ ሌሊቱን የምታቀዘቅዙበት፣ ንብርብሩ ሲደባለቅ ዓሣው ወዴት እንደሚሸሽ የምታዩበት ሲሙሌሽን አስቡ። ማንም ሳይሞት፣ ዓመት ሳትጠብቁ። ግን ቁጥሩ ከእውነተኛው ሐይቅ መምጣት አለበት፤ ያንን ደግሞ ታንኳ ያለው ልጅ መለካት ይችላል። ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ 30 ሜትር ያወርዳል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ይጎትታል። አንድ ችግር ብቻ አለ፦ ቴርሞሜትሩ ወደ ላይ ሲመጣ በሞቃቱ ውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ እጃችሁ ሲደርስ የሚያሳየው የታችኛውን ሙቀት አይደለም። ጠርሙስ፣ ቡሽና ሁለተኛ ገመድ ቢሰጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?