የኤሌክትሮኒክ ድራም በሙዚቃ ቀረጻ፦ ምቱ የማን ነው?

ስለ ኤሌክትሮኒክ ድራም በመምህራንና በተማሪዎች መካከል ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «እውነተኛው ድራም ቀረ፤ ሙዚቃውም አለቀለት» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ስቱዲዮ ለመከራየት፣ ማይክሮፎን ለመደርደርና ቆዳ ለማጥበቅ ይደረግ የነበረው ድካም ሁሉ አበቃ ብሎ ይደሰታል። በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል እንላለን። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ድምፁ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ግን የምቱ ጊዜ የማን እንደሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪው የሚመታው የጎማ ወይም የወንፊት ፊት ያለው ገበታ ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈው ንዝረት ተቀባይ ምቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከዚያም በ1983 የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች በተስማሙበት፣ ሚዲ በሚባለው የመግባቢያ ሥርዓት መሠረት የምቱ ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቁጥር ሲቀበል፣ አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ተመትቶ የተቀዳ ድምፅ ከክምችቱ አውጥቶ ያሰማል። እንግዲህ ከልጁ የተወሰደው የትኛውን ገበታ፣ መቼና ምን ያህል አጥብቆ እንደመታ ብቻ ነው። ድምፁ የሌላ ሰው ነው።

በድምፁ ጥራት ላይ ነቀፋ የለንም። ቱንትራክ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ2017 ያወጣው ሱፒርየር ድራመር 3 በቤልጂግ አገር በጋላክሲ ስቱዲዮ፣ በጆርጅ ማሰንበርግ መሐንዲስነት የተቀዳ ሲሆን፣ የድምፅ ክምችቱ 230 ጊጋባይት ያህል ነው። ይህን ያህል የበዛበት ምክንያት አለ። አንድ ስኔር ከለስላሳ እስከ ኃይለኛ በየደረጃው፣ በእያንዳንዱ ደረጃም ላይ ደጋግሞ ተመትቶ ይቀዳል። እንዲህ ባይደረግ፣ ያው አንድ ድምፅ ሲደጋገም ጆሮ እንደ መትረየስ ይሰማዋል። በተጨማሪም በጎረቤት ክፍል ትምህርት እየተሰጠ መለማመድ ይቻላል፤ ምንም እንኳ የባስ ድራሙ ፔዳል ወለሉን እየደበደበ ከታች ባለው ክፍል የሚያስተምረውን መምህር ማስቆጣቱ ባይቀርም።

አንድ ችግር ለፊዚክስ መምህራን ጥሩ ጥያቄ ይሆናቸዋል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን የሚያወጣው ናሙናዎችን በጥቅል እያጠራቀመ ነው። ጥቅሉ 1,024 ናሙና ቢሆንና በሰከንድ 44,100 ናሙና ቢነበብ፣ ከዚህ ብቻ የሚመጣው መዘግየት 23 ሺኛ ሰከንድ ያህል ነው። ድምፅ በዚህ ጊዜ ውስጥ በአየር ላይ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ መቺው የራሱን ምት 8 ሜትር ርቆ እንደቆመ ሰው ይሰማዋል፤ ሳያውቀውም እጁን ያስቀድማል። ጥቅሉ ወደ 256 ሲወርድ ርቀቱ 2 ሜትር ብቻ ይሆናል። «ልጁ ጊዜ አይጠብቅም» ብሎ ከመፍረድ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ወቀሳችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው መትቶ ሲጨርስ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ጓደኛው «ኳንታይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ምቶቹ ሁሉ ወደ ቅርብ መስመራቸው ተስበው ቀጥ ይላሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሮጀር ሊን በ1980 ያወጣው ኤል ኤም-1፣ የእውነተኛ ድራም ድምፆችን ቀድቶ የያዘና በፕሮግራም የሚሠራ የመጀመሪያው የድራም ማሽን ሲሆን፣ የጊዜ ማረሚያም ነበረው። ነገር ግን ሊን ራሱ ጊታር ተጫዋች ነውና፣ ቀጥ ያለ ምት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ ተለዋጭ ምቶችን በመጠኑ የሚያዘገይ ስልት አብሮ ሰጠ። (ክራሽና ራይድ ሲምባል አልነበረውም፤ እየነዘረ የሚቆይ ድምፅ ለማከማቸት የዚያ ዘመን ሜሞሪ ውድ ነበረ።) ዛሬ ሜሞሪው ሞልቷል፤ ያ ጥንቃቄ ግን ይዘነጋል።

ማሽንን ሁሉ እንደምንጠላ እንዳይቆጠርብን አንድ የአገራችንን ሰው ሥራ እንጥቀስ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ቀርተው በ1985 በዋሽንግተን አንድ ካሴት ቀዱ፤ ይህም በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተደመጠ። አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ምቱን የያዘው ማሽን ነው። ማሽኑ ግን ሰው ነኝ አይልም። እንደ ግድግዳ ሰዓት ደርቆ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ያንጎራጉራል። ውበቱ የመጣው ከዚሁ ልዩነት ነው። የዛሬው ሶፍትዌር የሰው ድራም መስሎ ቀርቦ የሰውን ጊዜ ሲሰርዝ ግን፣ አድማጩ ሰው ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ሰዓቱን ነው።

በእኛ ሙዚቃ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ ሁለትና ሦስት አብረው የሚታገሉበት ምት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ግን በአራት ተከፍሎ እንደገና በአራት የተሸነሸነ መስመር ነው። ይህ ሳይለወጥ እርማት ከታዘዘ፣ በሦስት የተከፈለው ምት ወደማይመለከተው መስመር ይሳባል፤ ጭፈራውም ያነክሳል። መስመሩ በትክክል ቢመረጥ እንኳ፣ ትከሻ የምታስነሣው ያቺ ትንሽ ዘንበል ማለት ትጠፋለች።

ስለ ከበሮማ ምን እንላለን! ሰፊው ፊቱ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ በመዳፍና በጣት፣ በመሐልና በጠርዝ ሲመታም ይለያያል። ከ1 እስከ 127 ያለው ቁጥር ኃይልን ይናገር እንጂ መዳፍን ከጣት አይለይም። ስለዚህ ከበሮ የሚችል ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት፣ የኮምፒዩተሩን «ከበሮ» ተጭኖ ልጁን ተመልካች ማድረግ ስንፍና ነው። ድራሙ በኤሌክትሮኒክ ይቀዳ፤ ከበሮው ግን በማይክሮፎን ጎን ለጎን ይቀዳ፤ ድራሙም እሱን ይከተል።

ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ሐሳብ እናክል። የተማሪውን ምት ሁለት ጊዜ አሰሙ፤ አንዱን እንደመታው፣ ሌላውን ታርሞ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው ተማሪዎቹ ምቱን በእግራቸው ይከተሉና እግራቸው የት ላይ እንደተሳሳተ ይጻፉ። ለዚህ ሲባል ያልታረመው ቅጂ በሌላ ስም መቀመጥ አለበት። ቦታ አይፈጅም፤ 230 ጊጋባይቱ የድምፁ ነው፣ የልጁ ምት ጥቂት ኪሎባይት ቁጥር ነው።