ሞተሩ ይውረድ ወይስ አይውረድ?

በደቡብ ወሎ የመካነ ሰላምን የጭነት መኪና ሾፌር በሁለቱም አቅጣጫ ዳገት ይጠብቀዋል። ወደ ደሴ ሲሄድ ከአቀስታ አልፎ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ጎጃም ሲሻገር ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ደጋ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ከፍታ ጭነቱን ይዞ ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል፤ ዳገቱ ሞተር ይበላል።

3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚምገው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር በቅጡ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሙቀት ይጨምራል። ውሃም በደጋ ቀድሞ ይፈላል፤ መካነ ሰላም ላይ 91 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሙቀት ችሎ የሚሠራው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ውሃው እየፈላ ይወጣል፣ የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) ይጣመማል፣ ማሸጊያው (ጓርኒሲዮኑ) ይቃጠላል። በብዙ ገንዘብ ከሚታደሱት ሞተሮች መካከል የጥፋታቸው መነሻ አንድ ያረጀ ክዳን የሆነ ጥቂት አይደሉም።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚበዛው ባለ 4 ሲሊንደሩ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ ከበድ ላለ ጭነት ባለ 6 ሲሊንደሩ ኤፍ ኤስ አር አለ። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው፤ ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው ወይም ከባንክ ተበድረው የገዙት። ማታ የሚያድረው ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሲታመምም የሚታከመው እዚያው ነው። ሞተሩ የሞተ መኪና በሌላ መኪና አስጎትቶ ጉጉፍቱን መሻገር ውድም አደገኛም ነው፤ ሞተሩ ካልተነሳ የፍሬኑ አየር ወይም አጋዡ ስለማይሠራ ቁልቁለቱ ላይ የሚጎተተውን መኪና መያዝ ይከብዳል። ሲሊንደር የሚጠርቡት፣ ክራንክ ሻፍት የሚያስተካክሉት ቶርኖ ቤቶች ግን ያሉት ደሴና ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ መኪናው እቤቱ ይቀራል፤ ሞተሩ ብቻውን ይሄዳል።

ለመሄድ ደግሞ መውረድ አለበት። የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና ያለው ከማውረዱ በፊት ነው፤ ይውረድ ወይስ አይውረድ ብሎ መወሰን።

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፣ ያሸታል፣ ያዳምጣል። የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ከፍቶ ሞተሩ እየሠራ ያየዋል፤ ከዚያ ጭስ እየገፋ ከወጣ የፒስቶኑ ቀለበቶች (ፋሻዎቹ) ወይም የሲሊንደሩ ሽፋኖች (ካሚቻዎቹ) አልቀዋል፤ የታመቀው ጋዝ በፒስቶኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች እየወረደ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ ጋዙ በጓርኒሲዮን በኩል ውሃ ውስጥ ገብቷል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት መሳይ ነገር ከታየ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የዘይት ግፊት ወርዶ ከታች ወፈር ያለ ኳኳታ ሲሰማ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ተበልተዋል ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሞተር ማውረድን ግድ የሚለው የመጨረሻው ነው፤ ካሚቻና ፋሻውም ብዙ ጊዜ። ጓርኒሲዮን የተቃጠለ እንደሆነ ግን ቴስታታውን ብቻ ፈትቶ፣ ልሙጥነቱን በማስመሪያ ለክቶ፣ ከተጣመመ እሱን ብቻ ደሴ ልኮ ማስላጥ ይቻላል፤ ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። እዚህ ላይ ስስት የሚያሸንፈው መካኒክ አለ። ሲወርድ የእጅ ዋጋው ስለሚበልጥ ሁሉንም ያወርዳል። ባለቤቱም በጭንቀቱ «አንድ ጊዜ ሁሉም ይታይ» ይላል። ያልታመመውን መክፈት ለአቧራ መንገድ መስጠት ነው፤ በበጋ የደጋው ነፋስ የሚያነሳው ደቃቅ አፈር ፋሻንና ብሮንዚኖን እንደ ሞረድ ይበላል። ስለዚህ አንድን መካኒክ ለመመዘን ካወረዳቸው ሞተሮች ይልቅ ሳያወርድ ያዳናቸውን መጠየቅ ይሻላል።

ይውረድ ከተባለ ሥራው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ግቢው ደልዳላ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ከሆነ በዶማ ይስተካከላል። ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዳሉ። ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል፤ አይሱዙ ሁለት ባትሪ አያይዞ በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ቁልፍ ያለቦታው ከነካው የሚረጨው ብልጭታ ቀላል አይደለም። የራዲያተሩ ውሃ ይፈሳል፣ ዘይቱ በጀሪካን ይቀዳል። ጋቢናው ወደ ፊት ተገልብጦ መያዣው ይቆለፋል። በመያዣው ላይ ግን እምነት የሚጥል አዋቂ የለም፤ ጠንካራ እንጨት ይደገፍበታል። ራዲያተሩ፣ ማራገቢያው፣ የማርሚታው ቧንቧ፣ የነዳጅ ቱቦዎች፣ ሞተሪኖው፣ የዲናሞው ገመዶች በየተራ ይላቀቃሉ።

ሙያው የሚታየው «በየተራ» በምትለው ውስጥ ነው። ለፈታ ሰው እያንዳንዱ ብሎን ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ደሴ ደርሶ እስኪመለስ ግን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ ርዝመታቸው በትንሽ የሚለያይ ብሎኖች ከተደባለቁ ረጅሙ ባጭሩ ቦታ ገብቶ ብረቱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ብሎኖቹን ይዞ በየራሱ ጣሳ ወይም ፌስታል ይቀመጣል። ገመዶች ሳይላቀቁ በፊት በቀለም ወይም በተቋጠረ ክር ምልክት ይደረግባቸዋል። ዛሬ ወጣቶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ መልካም ልማድ ነው። የነዳጅ ቱቦ አፍ ሲከፈት ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ይታሰራል፤ የኢንጀክሽን ፓምፕና ኑዝል ውስጥ የሚገባ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ሞተሩ ታድሶ ሲመለስ ቆይቶ ይበቀላል።

ካምቢዮው ቀድሞ ይወርዳል፤ በክሪክ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መውጣት አለበት። ክብደቱ በፍሪሲዮን ዲስኩ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል፤ ይህን ጥፋት ደግሞ መኪናው ሲነሳ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ማንም አያውቀውም።

ከዚያ ማንሳቱ ይመጣል። የኤን ፒ አር ሞተር ከ3 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ከጋራዥ ውጭ የሚያነሳው ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ በመኪናው ግራና ቀኝ ተተክሎ፣ በላዩ አግዳሚ ተጋድሞ፣ ከአግዳሚው የተንጠለጠለ ባለሰንሰለት ማንሻ ነው። የመሸከም ልኩ በላዩ የተጻፈበት ማንሻ ከሌለ ሥራው መቆም አለበት፤ የከብት ገመድና የብዙ ሰው ጉልበት ምትክ አይሆኑም። ሞተሩ የሚታሰረው ለማንሻ ተብለው ከፊትና ከኋላ በተሠሩለት ጆሮዎች ነው። እነሱ ጠፍተው ከሆነ በወፍራም ብሎን ሰንሰለት ይታሰርበታል፤ የማርሚታው መነሻ ላይ ወይም የዘይት ቋቱ ላይ ማሰር ክልክል ነው።

ረዳቱ «ጋሼ፣ ይነሳ?» ሲል ትልቁ መካኒክ ቶሎ አይመልስም። ዙሪያውን ይዞራል፣ ያልተፈታ ቱቦ ይፈልጋል፣ ልጆቹን ከግቢው ያስወጣል። «ሱፖርቶውን አየኸው? የግራውንዱን ገመድስ?» ይላል፤ የሞተሩን መያዣና፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር አያይዛ በዘይትና በጭቃ ተሸፍና የምትቀረውን የብረት ገመድ ማለቱ ነው። ሞተሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ሲል ይቆማል፤ አግዳሚው መጮሁን ያዳምጣሉ፣ የምሰሶዎቹን እግር ያያሉ። ከዚያ በኋላ ነው ከሻንሲው በላይ ወጥቶ በአግዳሚው ላይ ወደ ጎን ተስቦ፣ አሮጌ ጎማ ላይ የሚቀመጠው። እጅም እግርም ከሥሩ አይገባም፤ ለምንም ምክንያት።

እነዚህ ተራሮች ከዚህ የከበደ ብረት ሲጓጓዝ አይተዋል። በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ ሴባስቶፖል ዛሬም ተቀምጦ ይታያል። ጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ቀልጦ የተሠራውና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ የጂዳንና የበሽሎን ገደላ ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ወራት የፈጀው ጉተታው ብቻ አልነበረም፤ መንገዱን መጥረጉ፣ ገደሉን መቁረጡ ነበር። ንጉሡም ብዙ ሳይቆዩ ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው አምባ ላይ አረፉ። ያን ጉዞ ታሪክ የሚያነሳው ለንጉሡ ጽናት ነው፤ ከመካኒክ ዓይን ግን ከባዱን ለማንቀሳቀስ ጊዜው በሙሉ ለማለት ይቻላል በዝግጅት ማለቁን ያሳያል። የአይሱዙ ሞተር ከቦታው ተነስቶ መሬት ለመንካት ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃዋል፤ እዚያ ለመድረስ ግን አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል።

ይህን ሙያ በወሎ ያስፋፋው የአሰብ ወደብ መስመር ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪዘጋው ድረስ ተሳቢ የሚጎትቱት ፊያት 682 ኤን ትሬዎች ኮምቦልቻንና ደሴን እየነኩ ይመላለሱ ነበር። ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ ነው፤ የተቀመጠውም ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በረዳቱ መሃል ነው። በረሃ ላይ የቆመ ኤን ትሬ ያለውን መሣሪያ ይዞ እዚያው መፈታት ነበረበት። የቴስታታ ብሎኖችን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ማጥበቅን፣ የፍሪሲዮን ዲስክን መሃል ለመያዝ ጠንካራ እንጨት ጠርቦ ማስገባትን ከመጽሐፍ ያልተማሩ ብዙዎች ከዚያ ትውልድ ተቀብለውታል።

ሞተሩ በሌላ አይሱዙ ካሶኒ ላይ ታስሮ ደሴ ሲሄድ ባለቤቱ ሌላ ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል፤ ከማሳደስ ይልቅ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግዛት። አንዳንዴ ያዋጣል። ነገር ግን የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው፤ የግዢውን ሕጋዊ ወረቀት ይዞ በትራንስፖርት ቢሮ ካላስለወጠ፣ በኋላ መኪናውን ሊሸጥ ወይም ሊያስመረምር ሲሄድ ይያዛል። የተገዛው ሞተር በምን ከፍታ፣ በምን ዘይት እንደሠራም የሚነግረው የለም። የራሱን ሞተር ታሪክ ግን ያውቀዋል፤ ብሎኩ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ማሳደሱ ይመረጣል።

ሲመለስ የፈታው ሰው ነው መግጠም ያለበት። ሌላ መካኒክ ሲጠራ ጣሳዎቹ ዝም ይላሉ፤ የክሩን ምልክት የሚያውቀው ያሰረው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ገና ከመጀመሪያው ከመካኒኩ ጋር ሲዋዋል ማውረድና መግጠምን በአንድ ዋጋ መነጋገር አለበት፤ ለሁለት የተከፈለ ውል ባለቤቱን መሃል ሜዳ ያስቀረዋል።

ከተገጠመ በኋላ አየር ከነዳጅ መስመሩ ይወጣል፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ ወደ ላይ እንዲደርስ ናፍጣው ተዘግቶ በሞተሪኖ ይዞራል። ሲነሳ የመጀመሪያው እይታ ወደ ዘይት ግፊት መለኪያው ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ካልተነሳ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። አዲሱ የራዲያተር ክዳን ቀድሞ ተገዝቶ መጠበቅ አለበት። የመጀመሪያው ጉዞ ባዶውን ወይም በግማሽ ጭነት እስከ አቀስታ ነው፤ እዚያ ቆሞ ውሃው ይታያል፣ ዘይቱ ይለካል፣ የሱፖርቶ ብሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የመጀመሪያው ዘይት ከነፊልትሮው ይቀየራል። ሙሉ ጭኖ ወደ አባይ መውረድ ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለዕዳው ቢቸኩልም፣ ነጋዴው ቢያባብልም።