ስለ ደማቅ የአርእስት ፊደል

በዓረብ ምድር በስተደቡብ፣ ከጂዛን ወደ ምሥራቅ፣ በየመን ወሰን አጠገብ ያለችው ናግራን ስንክሳራችን ኅዳር 26 ቀን የሚያስባቸው ሰማዕታት አገር ናት። ከእርስዋ በስተሰሜን ሒማ በተባለው ስፍራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. የሒምያር ንጉሥ የዮሴፍ የጦር አለቃ ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉንና ሐበሾች መገደላቸውን እየተመካ በዓለት ላይ አስጽፎአል። ጽሕፈቱ ሙስነድ ይባላል፤ ከፊደላችን ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ሥፍራው በ2021 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ለሰማዕታቱ ደም የዘመተው ንጉሣችን ካሌብ በአክሱም ባቆመው ድንጋይ ላይ ቋንቋውን ግእዝ አድርጎ ፊደሉን ሙስነድ አደረገው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ያለ ካዕብና ያለ ሣልስ። ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያለው ፊደል ግን ከዒዛና ዘመን ጀምሮ በእጃችን ነበረ። እንግዲህ ያ ጽሕፈት ለግርማ እንጂ ለንባብ አልተመረጠም ማለት ነው። በማሪብ የተገኘው ስባሪ ድንጋይ ግን በሙሉ ፊደል የተጻፈ ግእዝ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ይበልጣል፤ ዲያቆን ቢያገኘው ያነበዋልና።

ይህን ያነሣሁት በዛሬው የጸሎት መጻሕፍት ልባስና በየንግሡ ማስታወቂያ ላይ ስለሚታየው ወፍራም ፊደል ነው። እንዲህ ያለው ፊደል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን ለንግድ ማስታወቂያ የወጣ ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የእኛ የለውም። ስለዚህ አባቶች አርእስትን ያከበሩት በቀይ ቀለም ነው፤ የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንንም ስም እንዲሁ። ጉልሕ የሚባለው ጽሕፈት እንኳ ብዕሩ ቢሰፋ የፊደሉን ዐይን አይደፍንም። በ1513 በሮም የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊትም በጥቁርና በቀይ ነው የወጣው።

የወፍራሙ ፊደል ነቀፋ ይህ ነው፤ በእኛ ፊደል ቃሉን የሚለየው ትንሹ ቅጥል ነው። ግንዱ ሲወፍር ቅጥሉን ይውጠዋል፤ የኃምሱ ቀለበት ተደፍኖ ሣልስ ይመስላል። «አምላኬ» የተባለው «አምላኪ» ሆኖ ይነበባል፤ ፈጣሪን የጠራ አርእስት ፍጡሩን ጠራ ማለት ነው! የ«ዐ» ዐይን ጠፍቶ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ «ሉ» እና «ሊ» አይለዩም። መጽሐፉ በፎቶ ኮፒ ሲባዛማ ነገሩ ይብሳል። ቃሉን በቃሉ የሚያውቅ ካህን ይገምተዋል፤ በጧፍ ብርሃን ፊደል የሚቈጥር ተሳላሚ ግን የተጻፈውን ብቻ ያነባል።

ፈጽሞ ይቅር አልልም። በዐደባባይ ከሩቅ ለሚታይ ሸራ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ለሚሆን ጽሕፈት፣ መልካም ነው፤ ቀለበቱ በዚያ መጠን ክፍት ሆኖ ይታያልና። ቀራጩም ግንዱን ብቻ አወፍሮ ቅጥሉን ቢያረዝም፣ ቀለበቱንም ከግንዱ ቢያርቅ፣ ለልባስ ይበቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን፣ በተለይ ለመልክእና ለውዳሴ አርእስት፣ ቀዩ ቀለም ይመለስ፤ ዋጋው ከበዛ በተለመደው ፊደል ከፍ አድርጎ መጻፍና በላዩና በታቹ ሐረግ መሳብ ይቻላል።