ጽላሎተ ሞት ስለ ተባለው ቃል

በ22ኛው መዝሙር ግዕዙ «ጽላሎተ ሞት» ያለውን ዕብራይስጡ «ጸልማዌት» ይለዋል፤ ይህ ቃል በብሉይ ኪዳን 18 ጊዜ ይገኛል፥ ከዚያውም 10 ጊዜ በመጽሐፈ ኢዮብ ነው።

ምን ማለት ነው ቢሉ፦ ሰብዓ ሊቃናት ቃሉን ከሁለት ከፍለው፥ «ጼል» ጥላ፥ «ማዌት» ሞት ብለው ወደ ጽርዕ መለሱት፤ ግዕዙም ጽርዑን ተከተለ። አንድም፦ ዕብራይስጥ ቀድሞ ያለ ነጥብ ይጻፍ ነበርና ያው ፊደል «ጸልሙት» ተብሎ ይነበባል፤ ጽኑ ጨለማ ማለት ነው። ለዚህ ምስክሩ ግዕዝ ራሱ ነው፤ ጸልመ፥ ጽልመት ይላልና። አማርኛም ጸን በጨ ለውጦ ጨለማ ስላለ፥ የጎረቤላ ገበሬ በየማታው የሚጠራው ቃል ለዳዊት ቃል ዘመድ ነው።

ማናቸው ይበረታል ቢሉ፦ ሁለተኛው። በኢዮብ 28 ማዕድን ፈላጊ ድንጋይ የሚሻው በጸልማዌት ነው፤ ይህ የጕድጓድ ጨለማ እንጂ ሞት አይደለም። በአሞጽ 5 እግዚአብሔር ጸልማዌትን ወደ ንጋት ይመልሳል፤ የሚነጋም ሌሊት ነው። ነገር ግን በኢዮብ 38 የሞት ደጅና የጸልማዌት ደጅ ተጣምረው ተጠርተዋልና የቀደሙት ተርጓሚዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

እንግዲህ መዝሙሩን ለሙታን ብቻ የሚተረጕም መምህር ቃሉን ያጠብበዋል፤ የታሰረ፥ የታመመ፥ በሌሊት የሚጓዝም ድርሻ አለውና። ንባቡ እንደ ተጻፈ ይጽና፤ ትርጓሜው ግን ሁለቱንም ይያዝ።