አባት ለልጁ የጻፈው የኀዘን ጽሑፍ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ልጆቻቸው ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋሉ። ስለዚህ ሊዮን ትሮትስኪ በስደት ከሚኖርበት ከሜክሲኮ ሆኖ በፌብሩዋሪ 1938 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ልጅ፤ ወዳጅ፤ ታጋይ» በሚል አርእስት ስለ ሌቭ ሴዶቭ ሞት የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ደጋግመን አነበብነው።

ሌቭ በ1906 ተወለደ። አባቱ በ1929 ከሶቪየት ኅብረት ሲባረር ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ሞስኮ ትቶ ተከተለው። በቱርክ አገር በፕሪንኪፖ ደሴት ጸሐፊውም ዘበኛውም ሆነ፤ ኋላም በበርሊን፣ ከ1933 ጀምሮ ደግሞ በፓሪስ ተቀምጦ የአባቱን «የተቃዋሚዎች ቡለቲን» ሲያሳትም ኖረ። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳለ 32 ዓመት ሳይሞላው ፓሪስ ላይ ሞተ።

የጽሑፉ ብዙው ክፍል ስለ ታጋዩ ነው። ትጋቱ ይመሰገናል፤ ታማኝነቱ ይመሰክራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልባችንን የነካው ሌላ ቦታ ነው። ይኸውም አባትየው በሥራ ላይ ሲበዛ ጥብቅና አስጨናቂ እንደ ነበረ፣ ይህም ጠባዩ ከሁሉ ይልቅ ለቅርቡ ለልጁ እንደ ከበደበት የሚያምንበት ነው። በመሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን አለቃ ያውቀዋል፤ ሲመሽ ግን ተለይቶት ወደ ቤቱ ይገባል። ሌቭ ወዴት ይገባ ነበር?

ጽሑፉን የምንነቅፈው እዚህ ላይ ነው። በአርእስቱ «ልጅ» የሚለው ቃል ቀድሟል፤ በውስጡ ግን ልጁን የምናየው በጥቂቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ለእኅቱ ለዚናይዳ ከተጻፈው ይሻላል። እርሷ በጃንዋሪ 1933 በርሊን ውስጥ ራሷን ስታጠፋ አባቷ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ የላከው ደብዳቤ ክስ ብቻ ነው። ክሱ ከንቱ አልነበረም፤ በ1932 ዜግነቷ ተገፍፎ ትታት ወደ መጣችው ሴት ልጇ መመለሻ አጥታ ነበርና። ዳሩ ግን አይዛክ ዶይቸር በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ እንደምንረዳው፣ የአባቷ የሥራ ረዳት ለመሆን ትመኝ ነበር፤ እርሱ ግን ምስጢሩን አላካፈላትም፤ በዚህም ሁለቱ ተቀያይመው ነበር። ለወንዱ ልጅ የተገኘው የኑዛዜ ቃል ለሴቲቱ አልተገኘም፤ ይህን በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም።

በመጨረሻ ትሮትስኪ የስታሊንን ፖሊስ ይጠረጥራል። የሌቭ አሟሟት እስከ ዛሬ ያከራክራል። የፓሪስ የቅርብ ረዳቱ ማርክ ዝቦሮውስኪ ግን የዚያ ፖሊስ ሰላይ ነበር፤ ይህንም በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ራሱ አምኗል። ፖለቲካን ሸሽቶ መሐንዲስ የሆነውና ከአገሩ ያልወጣው ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም በ1937 ተረሽኖ ነበር፤ ወላጆቹ ለሌቭ ሲያለቅሱ ይህን አላወቁም።